ለንግሥት እሌኒ የተሰፋ ልብስ

በሐሰት አለመመስከርን ስንማር ብዙ ጊዜ የምናስበው ስለ አንደበት ነው። ነገር ግን ሰው በመርፌና በክርም እውነት ሊመሰክር ወይም ሊዋሽ ይችላል። ይህን በደንብ ያስተዋልሁት በዚችው በከተማችን በሆሳዕና፣ እንደ እናንተ ካሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ልብስ ስንሰፋ ነው። ዛሬ የማጫውታችሁም ይህንኑ ነው።

ሰንበት ትምህርት ቤታችን የዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ድራማ የማቅረብ ልማድ አለው። በዚያ ዓመት የመረጥነው የንግሥት እሌኒን ታሪክ ነበር። እሌኒ ሲባል ሁላችሁም ቶሎ የምታስታውሱት የንጉሥ ቆስጠንጢኖስን እናት፣ ቅዱስ መስቀሉን ያስቈፈሩትን ይሆናል። እኛ የመረጥናቸው ግን በዚሁ ስም የተጠሩትን ኢትዮጵያዊቷን ንግሥት ነው።

እኒህ እሌኒ የሀዲያ ገዥ ልጅ ነበሩ። በዚያ ዘመን የሀዲያ ገዥ «ገራድ» ይባል ነበር፤ አባታቸውም ሙስሊም ነበሩ። የዚያን ጊዜው ሀዲያ የዛሬው ዞን ብቻ አልነበረም፤ ወደ ምሥራቅ የሰፋ፣ ነጋዴ የሚመላለስበት አገር ነበር። እሌኒ ተጠምቀው ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡትን አፄ ዘርዐ ያዕቆብን አገቡ፤ «ቀኝ በዓልቲሐት» የሚባለውንም የንግሥትነት ማዕርግ ተቀበሉ። ንጉሡ ካረፉ በኋላ የነገሡት አፄ በእደ ማርያም እንደ እናት አከበሯቸው። በጎጃም የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። በ1500 ዓ.ም. አፄ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳሉ ሲነግሡም፣ በዕድሜ የገፉት እሌኒ አገር በማስተዳደር ረዷቸው። ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ከደብዳቤ ጋር ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩ፤ ማቴዎስም ከረጅም መንገድና ከብዙ እንግልት በኋላ በ1506 ዓ.ም. ሊዝበን ደረሰ።

እንግዲህ ድራማው ተጻፈ፤ ተዋናዮቹም ተመረጡ። የእሌኒን ቦታ ያገኘችው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ሀዲያ ናቸው፤ የእናቷ እናት ደግሞ ከከምባታ፣ ከዱራሜ በኩል የመጡ ናቸው። አንድ ቀን ከጥናት በኋላ ወደ ኋላ ቀረችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መምህር፣ ቦታውን ለሌላ ልጅ ይስጡልኝ» አለችኝ። ምክንያቱን ስጠይቃት ዝም አለች። ቈይታ ግን፣ «አንድ ልጅ ‹የሀዲያ ልጅ መቼ ንግሥት ሆና ታውቃለች?› አለኝ» አለች።

ያን ልጅ አልተቈጣሁትም። ክፉ ልጅ አይደለም። በየድራማውና በየቀን መቁጠሪያው ላይ ያያት ንግሥት ሁሉ አንድ ዓይነት ካባ የለበሰች፣ አንድ ዓይነት ዘውድ የደፋች ናት። ከዚያ መልክ የወጣች ንግሥት መኖሯን ማንም አላሳየውም። ያን ዕለት የልብሱ ጉዳይ ለእኔ የጌጥ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። በዚያች ልጅ ላይ የምናኖረው ልብስ ወይ ለዚያ ሐሳብ ይመሰክራል፣ ወይ ለእውነቱ ይመሰክራል።

ስለ ልብሱ ስንመካከር ሦስት ሐሳብ ቀረበ። የመጀመሪያው «ከሚያከራይ ቤት የሚያብረቀርቅ ካባ እንከራይ» የሚል ነበር። ያ ካባ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በአፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ዘመን ፎቶግራፎች የምናየውን የሚመስል ነው። በእሌኒና በጣይቱ መካከል ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አለ። በጠርዙ ላይ የተጠለፈው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይም ከሰንደቅ ዓላማው የተወሰደ ነው፤ ሦስቱ ቀለማት በሰንደቅ ዓላማነት የተውለበለቡት ደግሞ በ1890 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛው «ከዕቃ ቤት የካህናቱን ካባ እንዋስ» የሚል ነበር። ለዚህ መልሱ አጭር ነው። ልብሰ ተክህኖ ለአገልግሎት የተለየ ነው፤ ለድራማ አይለበስም።

ሦስተኛውን ሐሳብ ያመጡት የልጅቱን ማዘን የሰሙ ታላላቅ ልጆች ናቸው። «እንግዲያው ለያሆዴ የምንለብሰውን የሀዲያ የባህል ልብስ እናልብሳት፤ ያኔ ሀዲያ መሆናቸውን ሁሉም ያያል!» አሉ። ሐሳቡ የመጣው ከፍቅር ነው። ነገር ግን ዛሬ በሱቅ የምንገዛው የበዓል ልብስ የእኛ ዘመን ሥራ ነው። የዛሬን ልብስ አምስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ወስደን «እሌኒ ይህን ለበሱ» ብንል፣ ካባውን ከሚከራየው ሰው አንለይም። እርሱ ከጣይቱ ዘመን ይዋሳል፤ እኛ ደግሞ ከራሳችን ዘመን እንዋሳለን። ሁለታችንም እሌኒን አልጠየቅናቸውም።

«ታዲያ የሞተ ሰው እንዴት ይጠየቃል?» አለ አንዱ ልጅ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በሌላው ዓለምም የጥንቱን ዘመን ልብስ በእጃቸው እየሰፉ በበዓላትና በሙዚየሞች የሚያሳዩ ሰዎች አሉ። የእነርሱም ሥራ የሚጀምረው ከዚሁ ጥያቄ ነው። እኛ ሦስት ምስክሮችን ጠየቅን፤ ጽሑፍን፣ ሥዕልንና የባለሙያን እጅ።

የመጀመሪያው ምስክር ጽሑፍ ነው። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለ የፖርቱጋል ቄስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ኖሮ ያየውን ጽፏል፤ መጽሐፉም በ1540 ታትሟል። አፄ ልብነ ድንግልን ፊት ለፊት ሲያያቸው ከወርቅና ከብር የተሠራ ረጅም ዘውድ ደፍተው፣ በእጃቸው የብር መስቀል ይዘው ነበር። ከላይ የግምጃ መጐናጸፊያ፣ ከውስጥ ሰፊ እጅጌ ያለው የሐር ልብስ ለብሰዋል። አፋቸውንና ጢማቸውን የሚሸፍን ሰማያዊ ስስ ሐርም በፊታቸው ተይዞ ነበር። ይኸው ቄስ ተራው ሰው የበግ ቆዳ እንደሚለብስ፣ መነኮሳትም ቢጫ ልብስ እንደሚለብሱ ጽፏል። ይህን ቢጫ እኛም እናውቀዋለን፤ ዛሬም የመነኮሳትን ልብስ «ወይባ» እንለዋለን።

«ግምጃ» ያልሁትን ልብ በሉ። ከሐር የተሠራ፣ ወርቀ ዘቦ የገባበት ውድ ጨርቅ ነው። ከባሕር ማዶ በነጋዴ እጅ የሚመጣ ስለ ነበር በጥንቃቄ ይቀመጥ ነበር። የመንግሥት ሀብት የሚቀመጥበት ቤት እስከ ዛሬ «ግምጃ ቤት» መባሉ ከዚህ የመጣ ነው። የጨርቅ ስም የሀብት ስም ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምስክር ሥዕል ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በተጻፈው ወንጌል ላይ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ሥዕል አለ። በላሊበላ አካባቢ በምትገኘው በገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይም የአፄ ይኩኖ አምላክ ሥዕል አለ። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን የሣላቸው የእመቤታችን ሥዕሎችም እስከ ዛሬ ቆይተዋል። እነዚህን በመጽሐፍ ከታተሙ ፎቶግራፎች እያየን፣ እጅጌው ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ መጐናጸፊያው በየት በኩል እንደሚወርድ አጠናን።

ነገር ግን ሥዕልን ስንጠይቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሠዓሊ የቅዱሳንን ሥዕል የሚሥለው በተቀበለው ሥርዓት እንጂ በሰፈሩ ያሉ ሰዎች የለበሱትን እያየ አይደለም። አንዳንዱ ደግሞ የራሱን ዘመን በጥንቱ ላይ ይጨምራል። በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል የፈርዖን ወታደሮች ጠመንጃ ይዘው በኤርትራ ባሕር ሲሰምጡ ታያላችሁ! በሙሴ ዘመን ጠመንጃ አልነበረም። ሠዓሊው ወታደር ሲባል የሚያውቀውን ሣለ። ልጆቹ በዚህ በጣም ሳቁ። ያ ልጅም ሳቀ። እኔም፣ «ንግሥት ሁሉ አንድ ዓይነት ትመስላለች ማለትም ይኸው ነው» አልኋቸው። ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ።

ሦስተኛው ምስክር የባለሙያ እጅ ነው። በአገራችን ልማድ ሴቶች ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። የልጅቱ አያት ፈትል የሚያውቁ ናቸውና ጥጥ ገዝተን ወደ እርሳቸው ሄድን። እማማ ጥጡን በድንጋይ ላይ አድርገው በብረት ዘንግ ሲዳምጡት፣ ፍሬው ወደ ፊት ፈልቅቆ ይወጣል። ከዚያ በደጋን ይነድፉታል፤ ጥጡም እንደ ደመና ይነሣል። ከዚያ በእንዝርት ይፈትላሉ። ልጆቹ በዙሪያቸው ተቀምጠው ስለ ንግሥቲቱ፣ የማን ዘር ናቸው፣ የማን ዘር አይደሉም እያሉ ይከራከሩ ነበር። እማማ ቀና ብለው፣ «ልጆቼ፣ ጥጥ የሚፈተለው መጀመሪያ ዘሩ ወጥቶ ነው። ዘሩ ውስጡ ካለ ክሩ ይበጠሳል» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም።

ፈትሉን ለሸማኔ ሰጠን። እኒህ አባት ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው፤ የአገራቸው ሸማኔዎች በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ይሠራሉ። እግራቸውን ከጕድጓዱ አስገብተው በእግር ድሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ፤ በእጃቸው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራሉ። የሸማው ወርድ እጃቸው ከሚደርስበት አይበልጥም። ስለዚህ ሰፊ ልብስ ሲያስፈልግ ሸማው ጎን ለጎን ይጋጠማል። አሁን በቤታችሁ ያለውን ጋቢ ብትመለከቱ መጋጠሚያውን ታገኙታላችሁ።

ለእሌኒ ቀሚስ አሥራ ሁለት ክንድ ሸማ ተሸመነ። አንዲቱ ልጅ መቀስ አንሥታ እንደ ዛሬው ቀሚስ ወገቡን አጥብባ ልትቈርጠው ስትል እማማ፣ «ቆይ! ይህን ስንት ቀን ፈተልሁት?» አሉ። እያንዳንዱ ክር በእጅ በሚፈተልበት አገር ሸማ ቀዶ መጣል አይታሰብም። ስለዚህ ቀሚሱን በቀጥታ መሥመር ሠራነው። ለፊትና ለኋላ አንድ ረጅም ሸማ በትከሻ ላይ ታጠፈ። በግራና በቀኝ ሁለት ሰፊ እጅጌዎች ተጋጠሙ። እጅ ሲነሣ እንዳይቀደድ በብብቱ ሥር ትንሽ አራት ማዕዘን ቁራጭ ገባ። ከሸማው የተረፈው ከአንድ መዳፍ አይበልጥም ነበር።

የስፌት መኪና አልተጠቀምንም፤ መኪናው የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሥራ ነውና። ቁልፍም፣ ዚፕም፣ ላስቲክም አላስገባንም። መርፌ ብቻ! ከታላላቆቹ ወንዶች አንዳንዶቹ «ስፌት የሴት ሥራ ነው» ብለው ራቅ ብለው ቆሙ። «በገበያችን በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚሰፉት እነማን ናቸው?» ብዬ ስጠይቃቸው እርስ በርስ ተያዩና መርፌ ተቀበሉ። ስለ መርፌ ሌላም ነገር ነገርኋቸው። አል ዑመሪ የተባለ ዓረብ ጸሐፊ በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት ስለ ሀዲያ ሲጽፍ፣ የአገሩ ሰዎች «ሐኩና» በሚባል ብረት ይገበያዩ እንደ ነበር፣ የአንዱም ርዝመት መርፌ እንደሚያህል ገልጿል። ከእሌኒ በፊት በነበረው ሀዲያ ገንዘቡ የሚለካው በመርፌ ነበር ማለት ነው። ይህን ከሰሙ በኋላ መርፌ የጣለ ሁሉ «ገንዘቤ ጠፋ!» እያለ ይፈልግ ጀመር።

የልብነ ድንግልን ቦታ የያዘው ልጅ ሌላ ጣጣ አመጣ። ሰማያዊውን ጨርቅ በአፉ ላይ ስናደርግለት ጓደኞቹ «ንጉሡን ጉንፋን ይዟቸዋል!» አሉት። ልጁም አላደርግም አለ። ንጉሥ ፊቱን ለሁሉ አለመግለጡ የክብር ምልክት እንደ ነበር ሲረዳ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚኮራበት እርሱ ሆነ። ድሆችን ሆነው የሚገቡት ልጆች የበግ ለምድ ለበሱ። መነኩሴ የሆነው ልጅ ነጠላውን በእርድ ቀቅለን ቢጫ አደረግንለት። ሁሉም ጫማቸውን አወለቁ። ንግሥቲቱ ሐር ያስፈልጋቸው ስለ ነበር፣ አንዲት እናት ከሣጥናቸው የቆየ የሐር ሻሽ አውጥተው ሰጡን፤ በመጐናጸፊያው ጠርዝ ላይ ቀመቀምነው። የወርቅ ወረቀት አልለጠፍንም።

ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው ግን ይህን ነው። በየልብሱ ውስጥ፣ በአንገቱ በኩል፣ ትንሽ ጨርቅ ሰፋንበት። በጨርቁ ላይ ከሦስት ቃላት አንዱ ወይም ሁለቱ ተጽፈዋል፤ «ተጽፏል»፣ «ተሥሏል»፣ «ገምተናል»። የንጉሡ ሰማያዊ ጨርቅ «ተጽፏል» ተባለ። የእጅጌው ስፋት «ተጽፏል፣ ተሥሏል» ተባለ። የእሌኒ ቀሚስ አቈራረጥ ግን «ገምተናል» ተባለ። ልጅቱ ይህን ስታይ ቅር አላት። «መምህር፣ የእኔ ብቻ ለምን ‹ገምተናል› ይባላል? ሰው እንዳያምነን» አለች። እኔም፣ «የገመትነውን ገመትን ስንል ነው፣ እናውቃለን ያልነውን የሚያምኑን። እሌኒ የሀዲያ ገዥ ልጅ መሆናቸው ግምት አይደለም፤ በታሪክ ተጽፏል። ቀሚሱ ግምት ነው። ሁለቱን ከቀላቀልናቸው ግን እውነቱም እንደ ቀሚሱ ግምት ይመስላል» አልኋት። ጥቂት አሰበችና ጨርቁን በራሷ እጅ ሰፋችው።

በመርሐ ግብሩ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ልጅቱ በነጭ ሸማዋ፣ በባዶ እግሯ ስትገባ ከኋላ በኩል «ንግሥት ናት? ወርቁ የታለ?» የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። ተራኪው በዚህ ጊዜ ወደ ፊት ወጣ። ተራኪ አድርገን የመረጥነው ያንኑ «የሀዲያ ልጅ መቼ ንግሥት ሆና ታውቃለች?» ያለውን ልጅ ነበር። ከየልብሱ ያለውን ጽሑፍ አንድ በአንድ አነበበ፤ የተጻፈውን ተጽፏል፣ የተገመተውን ተገምቷል አለ። ከዚያ ወደ ልጅቱ እያመለከተ፣ «እኒህ የሀዲያ ገራድ ልጅ፣ የኢትዮጵያ ንግሥት እሌኒ ናቸው፤ ይህ ተጽፏል» አለ። ድምፁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ልጅቱ ግን ቀና ብላ ቆመች። ሹክሹክታውም አልተደገመም።

ሲያልቅ እማማ ወደ መድረኩ ወጥተው የልጅ ልጃቸውን አላቀፏትም። ጎንበስ ብለው የቀሚሱን ጠርዝ ዳሰሱና፣ «ቅምቀማው ጠብቋል፤ ደግ ነው» አሉ። ከእርሳቸው ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ልጆች፣ እናንተም አንድ ቀን ስለ አባቶቻችንና ስለ እናቶቻችን ድራማ ትሠሩ፣ ሥዕል ትሥሉ፣ ታሪክ ትጽፉ ይሆናል። ያን ጊዜ ለማስጌጥ ስትሉ ያልነበረውን አትጨምሩባቸው፤ ለመናቅ ስትሉም የነበረውን አትቀንሱባቸው። በሥራችሁም ላይ የሚታወቀውንና የተገመተውን ለይታችሁ ጻፉ። ያለፉ ሰዎች ቆመው «እኔ እንዲህ አልነበርሁም» ብለው ሊመልሱልን አይችሉም። ስለዚህ ስለ እነርሱ ስንናገር ጠበቃቸውም ምስክራቸውም እኛው ነን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።

መልመጃ

1. በዚህ ትምህርት የተነገረላቸው ንግሥት እሌኒ የማን ልጅ ነበሩ? ከቆስጠንጢኖስ እናት ከቅድስት እሌኒ በምን ይለያሉ?
2. የጥንቱን ልብስ ለማወቅ የተጠየቁት ሦስት ምስክሮች እነማን ናቸው? ሥዕልን ስንጠይቅ ለምን እንጠነቀቃለን?
3. «ግምጃ ቤት» የሚለው ስም ከምን መጣ?
4. እማማ ስለ ጥጥ ዘር የተናገሩት ምን ማለት ይመስላችኋል? በቤታችሁ ተወያዩበት።
5. አያታችሁን ወይም አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው በልጅነታቸው ምን ይለብሱ እንደ ነበር ጠይቁ። ከሰማችሁት ውስጥ በዓይናቸው ያዩትንና ከሌላ የሰሙትን ለይታችሁ ጻፉ።